ሞተሩ የሚዘገይ ጄት ምን ያስተምራል? የኤል-39 ክር

ክሩን፣ ማለትም በውይይት መድረክ ላይ የተካሄደውን ይህን ክርክር፣ የከፈተው ከዱከም የሚጽፍ አባል ነው። የቢሾፍቱ ተማሪ አብራሪዎች ከፕሮፔለር አውሮፕላን ወደ ተዋጊ ጄት ሲሻገሩ መሃል ላይ ኤል-39 አልባትሮስ የተባለውን ማሠልጠኛ ጄት ማብረራቸው ጊዜና ነዳጅ ማባከን ነው ሲል ተነሣ። ሦስት ምክንያት አቀረበ። አውሮፕላኑ የ1960ዎቹ ንድፍ ነው፤ ፍጥነቱ ከመንገደኛ ጄት ያንሳል፤ ስሮትሉ (የሞተሩን ጉልበት የሚያዝዘው ማንሻ) ተገፍቶ ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን እስኪሰጥ ደግሞ አሥር ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። የዛሬ ተዋጊ ሞተር ይህን ያህል አያስጠብቅም፤ ታዲያ ተማሪው ነገ የማያገኘውን ጉድለት ዛሬ ለምን ይለማመዳል? ብሎ ጠየቀ። በቅንነት የቀረበ ጥያቄ ስለሆነ ይመስለኛል ክሩ ያን ያህል የሄደው። ከዚህ በታች የተባለውን በየቁጥሩ አስፍሬያለሁ፤ ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

1. የመጀመሪያው መላሽ ጠያቂውን አመስግኖ ታሪኩን ከሥሩ ጀመረ። ከኤል-39 በፊት ኤል-29 ዴልፊን ነበር። በ1959 የበረረው ይህ የቼኮዝሎቫኪያ ማሠልጠኛ የሶቪየቱን ያክ-30 እና የፖላንዱን ቲኤስ-11 ኢስክራ በ1961 ውድድር አሸንፎ፣ ከፖላንድ በቀር የዋርሶ ቃል ኪዳን አገሮች የጋራ ማሠልጠኛ ሆነ። ሞተሩ ግን የሚገፋው 890 ኪሎ ብቻ ነበር። ተተኪውን ፕራግ አጠገብ ቮዶኾዲ በሚገኘው የኤሮ ፋብሪካ የነደፈው በያን ቭልቼክ የሚመራው ቡድን ነው። ኤል-39 ለመጀመሪያ ጊዜ የተነሣው ኅዳር 4 ቀን 1968 ሲሆን ያበረረው ሩዶልፍ ዱኾን ነበር። በሙከራው ወቅት የአየር ማስገቢያዎቹ እንዲረዝሙና እንዲሰፉ ስለተደረገ፣ የሙከራ ምድብ የሆኑት አሥር አውሮፕላኖች ወደ ሥራ የገቡት በ1971 ነው። በጠቅላላው ወደ 2,900 ገደማ ተሠርቷል፤ ከ2,000 በላዩን የወሰደችው ሶቪየት ኅብረት ናት። ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በ1980ዎቹ፣ ሚግ-21 እና ሚግ-23 ዋና ተዋጊዎች በነበሩበት ዘመን ነው። እንግዲህ ንድፉ አሮጌ መሆኑ እውነት ቢሆንም የተነደፈለትን ዓላማ ሳናይ መፍረድ አይገባም ሲል ደመደመ። ዓላማውም ከሣር ሜዳ መነሣት፣ በጥቂት መሣሪያ መጠገንና የተማሪን ስሕተት መቻል ነበር።

2. ሁለተኛው በቀጥታ ወደ ሞተሩ ገባ፤ በእኔ እይታ ከክሩ ሁሉ ጠቃሚው ይህ ነው። ሞተሩ ኢቭቼንኮ ኤአይ-25ቲኤል ይባላል፤ መሠረቱ ያክ-40 በተባለው ትንሽ የመንገደኛ ጄት ላይ የነበረው ኤአይ-25 ነው። ጉልበቱ 1,720 ኪሎ ነው። ሁለት ዘንጎች አሉት፤ በዝቅተኛ ግፊቱ ዘንግ ላይ ሦስት፣ በከፍተኛ ግፊቱ ላይ ዘጠኝ የኮምፕረሰር (አየር አማቂ) ደረጃዎች ተደርድረዋል። ሥራ ፈት ሲሆን፣ ማለትም ስሮትሉ ወደ ኋላ ተመልሶ ሞተሩ በትንሹ ብቻ ሲዞር፣ የከፍተኛ ግፊቱ ዘንግ በ56 በመቶ አካባቢ ይዞራል፤ ለመነሣት ደግሞ እስከ 107 በመቶ ገደማ ይወጣል። ስሮትሉ በአንድ ጊዜ ቢገፋ የነዳጅ መቆጣጠሪያው ነዳጁን በአንድ ጊዜ አይለቅም። ቢለቅ አየሩ ከነዳጁ ጋር ሳይመጣጠን ተርባይኑ ከልክ በላይ ይግላል፤ ኮምፕረሰሩም አየሩን መግፋት አቅቶት ወደ ኋላ ይተፋዋል። ስለዚህ ከሥራ ፈት እስከ ሙሉ ጉልበት ከ9 እስከ 12 ሰከንድ ይወስዳል። ዋናው ነጥብ የመዘግየቱ አብዛኛው በታችኛው ዙር ላይ መሆኑ ነው። ዘንጉ አንዴ ከፍ ካለ በኋላ መልሱ ይፈጥናል። መፍትሔውም ከዚሁ ይወጣል፤ ለማረፍ ሲመጡ ስሮትሉን ወደ ሥራ ፈት አለመመለስ፣ ጎማውን አውርዶ ፍላፑን (በክንፉ የኋላ ጠርዝ ያለውን ታጣፊ ሳንቃ) 44 ዲግሪ ከፍቶ አየሩ አውሮፕላኑን ወደ ኋላ እንዲይዝ ማድረግ፣ ሞተሩንም ያን ጫና ለመቋቋም በከፍተኛ ዙር ማቆየት። ስሮትሉ ራሱ ሲገፋ በእርጋታ፣ ቢያንስ በአንድ ሁለት ሰከንድ ውስጥ ነው እንጂ በጥፊ አይደለም።

3. ሦስተኛው ከአቃቂ ነው፤ አራት መስመር ብቻ ጻፈ። ጉድለትን ማስተማሪያ ብሎ መጥራት ራስን ማጽናናት ነው፣ በንጉሡ ዘመን አብራሪዎች ከቲ-33 ጄት በቀጥታ ኤፍ-86 ተዋጊ ላይ ወጥተው ብቁ ሆነዋል አለ። ቃሉ ጠንከር ያለ ነበር፤ ማስረጃ ግን አልጨመረበትም።

4. አራተኛው ይህን አልተወውም። ቲ-33 ራሱ በመሃል ያለ ደረጃ ስለነበረ ምሳሌው የሚደግፈው ኤል-39ን ነው አለ። ቲ-33 የተወለደው ከፒ-80 ተዋጊ ነው። ኬሊ ጆንሰን በሎክሂድ ውስጥ የአንድ መቀመጫውን ጄት አካል ወደ አንድ ሜትር ገደማ አስረዝሞ ሁለተኛ መቀመጫ አስገባበት፤ መጋቢት 22 ቀን 1948 ቶኒ ለቪየር አበረረው። ያኔ ፒ-80ን ለማብረር የሚመጡ ሰዎች የሚማሩበት ባለሁለት መቀመጫ ጄት ስላልነበረ የመጀመሪያው የጄት በረራቸው ብቻቸውን ነበር፤ ቲ-33 የተሠራው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። ሎክሂድ 5,691፣ ካናዴር በኒን ሞተር 656፣ ካዋሳኪ 210 ሠርተዋል። የአሊሰን ጄ33 ሞተሩም እንዲሁ ለስሮትል በዝግታ የሚመልስ ነበር። በኢትዮጵያ ኤፍ-86 በ1960፣ ኤፍ-5 ደግሞ በ1966 ሲመጡ ወደ እነርሱ ያሻገረው ይኸው ሁለት ሰው የሚቀመጥበት ዘገምተኛ ጄት ነው።

5. አምስተኛው ከቢሾፍቱ የሚጽፍ ሲሆን ክርክሩን ከአጠቃላይ ነገር አውጥቶ ወደ አካባቢው አየር አመጣው። ሜዳው ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ነው። በበረራ ስሌት ለዚህ ከፍታ መደበኛ የሚባለው ሙቀት 3 ዲግሪ እንኳ አይሞላም፤ ከሰዓት በኋላ ግን 25 ዲግሪ የተለመደ ነው። በዚያ ሙቀት አየሩ በ2,700 ሜትር ከፍታ እንዳለ ይሳሳል፤ ክብደቱ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር 77 በመቶ ያህል ብቻ ይሆናል። ከዚህ ተነሥቶ ስሌቱን ደረጃ በደረጃ አስቀመጠ። የፍጥነት መለኪያው ሰዓት በሰዓት 230 ኪሎ ሜትር ሲያሳይ እውነተኛው ፍጥነት 263 ነው፤ በሰከንድ 73 ሜትር ማለት ነው። ሞተሩ ሥራ ፈት ላይ ሳለ ተማሪው ከፍታ እንዳጣ አውቆ ስሮትሉን ገፋ እንበል፤ አሥር ሰከንድ እስኪያልፍ 730 ሜትር ወደ ፊት ሄዷል። በመደበኛው የ3 ዲግሪ ቁልቁለት ላይ ብቻ ቢሆን እንኳ በዚያ ጊዜ ውስጥ 38 ሜትር ወርዷል። ሞተሩ ሥራ ፈት ከሆነ ደግሞ ቁልቁለቱ ከ3 ዲግሪ ይበልጣልና ኪሳራው ከዚህ ይከፋል። ስለዚህ ተማሪው ከጎማው በፊት አሥር ሰከንድ ቀድሞ ማሰብ አለበት፤ ጭነት የያዘ ኤፍኤስአር ከቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ሳለ ማርሹን እንደሚቀይር ሹፌር።

6. ስድስተኛው በጨዋነት ተቃወመ። አብራሪ የሚበርረው በሰዓቱ ላይ ባለው ፍጥነት ነው፤ ክንፉ የሚሰማው ያንኑ ነው፤ የቢሾፍቱ 230 እና የባሕር ዳርቻ 230 ለክንፉ አንድ ናቸው፤ ታዲያ ከፍታው ምን ለወጠ? አለ።

7. አምስተኛው ራሱ ተመልሶ መጣና ስድስተኛው ለክንፉ ትክክል ነው፣ ለመሬቱ ግን አይደለም ሲል አስረዳ። ኤል-39 የሚነሣው ሰዓቱ ከ190 እስከ 200 ሲያሳይ ነው። በቢሾፍቱ ሞቃት ከሰዓት 195 የሚለው ሰዓት መሬት ላይ 223 ነው። ጎማና ፍሬን የሚሸከሙት ጉልበት በፍጥነት ካሬ ስለሚያድግ 31 በመቶ ይጨምራል። ሞተሩ ደግሞ በሳሳው አየር ከ1,720 ኪሎው ወደ 1,350 አካባቢ ይወርዳል። ባዶ ክብደቱ 3,455 ኪሎ፣ ነዳጁ 980 ኪሎ፣ ሁለቱ ሰዎች ከነዣንጥላቸው 180 ቢሆኑ ድምሩ 4,615 ነው፤ ስለዚህ ለአንድ ኪሎ ክብደት 0.29 ኪሎ ግፊት ብቻ ይደርሰዋል። በባሕር ጠለል 530 ሜትር የተባለለት መንደርደር እዚህ ከ850 ሜትር ይዘልላል። መንደርደሪያው ይበቃል፤ ነገር ግን ተማሪው በመጽሐፉ ላይ ያነበበው ርዝመት የእርሱ ርዝመት አለመሆኑን ማወቅ አለበት። ሌላም ጨመረ፤ አውሮፕላኑ ሲታጠፍ የሚሠራው የዙር ስፋትም በፍጥነት ካሬ ስለሚሰፋ፣ ሌላ አገር በዝቅተኛ ሜዳ የተማረ ሰው ወደ መንደርደሪያው የሚዞርበትን ነጥብ በዓይን ልማዱ ቢመርጥ መስመሩን አልፎ ይወጣል። መስመሩን ለመመለስ ሲል ዙሩን ካጠበቀ ፍጥነቱ ይወድቃል፤ ሞተሩ ደግሞ ዘግይቶ ይደርሳል። ስድስተኛው አንድ ቃል ብቻ ጻፈ፤ ተቀብያለሁ።

8. ስምንተኛው ከሰበታ ነው። ኤል-39 እንዲህ መናቅ የለበትም፣ ወደ ታች ሲወረወር ከድምፅ ፍጥነት ያልፋል፣ ከሆዱ ሥርም መድፍ አለው፣ ስለዚህ ተዋጊ እንጂ ማሠልጠኛ አይደለም አለ።

9. ዘጠነኛው በቁጣ መለሰለት፤ ቁጣው ከሚገባው በላይ ነበር፣ መረጃው ግን ትክክል ነው። የኤል-39 ከፍተኛው የአግድም በረራ ፍጥነት በሰዓት 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ወሰኑ ማክ 0.80፣ ማለትም የድምፅ ፍጥነት 80 በመቶ፣ ነው። ማክ 0.78 ሲደርስ የአየር ፍሬኖቹ ያለ አብራሪው ትእዛዝ ራሳቸው ይከፈታሉ፤ ይህም የተደረገው ቀጥ ያለና ወፍራም ክንፉ ወደ ድምፅ ፍጥነት ሲቀርብ መቆጣጠር ስለሚከብድ ነው። መድፍ ያለው ዛሬ የሚወራለት ኤል-39ሲ ሳይሆን በ1976 የበረረው ኤል-39ዜድኤ ነው፤ ጂኤስኤች-23 መድፍና 150 ጥይት ከሆዱ ሥር ይሸከማል፣ ክንፉና የጎማ እግሩም የተጠናከረ ነው። ከዚያ በፊት በ1975 አራት የመሣሪያ ማንጠልጠያ ያለው ኤል-39ዜድኦ ወጥቷል። ኤል-39ሲ ሁለት ማንጠልጠያ ብቻ አለው። እነዚህን ሳይለዩ መጻፍ ወጣት አንባቢን ማሳሳት ነው ብሎ ጨረሰ።

10. ስምንተኛው ተቀይሞ ሁለት መስመር ጻፈ፤ እርማቱን ቢቀበልም አነጋገሩን አልወደደውም።

11. አስተዳዳሪው ሁለቱንም አስታገሰ፣ እግረ መንገዱንም አንድ ጥሩ ነገር ጨመረ። ኤል-39ሲ መድፍ ባይኖረውም ከፊት መቀመጫው ላይ የጋይሮ ማነጣጠሪያና ቀስቅሴው ሲጫን ፊልም የሚያነሣ ካሜራ አለው። ተማሪው ያለ ጥይት ማነጣጠርን ይማራል፤ ካረፈ በኋላ አስተማሪው ፊልሙን አይቶ ያርመዋል። እንዲሁም ማንም ሰው የሜዳውን ፎቶግራፍም ሆነ አውሮፕላኖቹ የሚወጡበትን ሰዓት እዚህ እንዳይለጥፍ በጥብቅ አሳሰበ።

12. አሥራ ሁለተኛው የሞተሩን ማስነሻ አብራራ። ኤል-39 ከውጭ የሚመጣ አየር አያስፈልገውም፤ ሳፊር-5 የተባለ ትንሽ ተርባይን በሆዱ ውስጥ ይዞ ይዞራል። መጀመሪያ ባትሪው ይከፈታል። ሳፊሩ ይነሣና በሃያ ሰከንድ ገደማ ዙሩን ይይዛል፤ ዝግጁ መሆኑን መብራት ያሳያል። ከዚያ ዋናው ሞተር ይታዘዛል፤ ሳፊሩ የታመቀ አየር ወደ ማስነሻው እየላከ ዘንጉን ያዞራል፤ ስሮትሉ ከዝግ ወደ ሥራ ፈት ይሻገራል። ከዚህ በኋላ ዓይን ከሁለት ሰዓቶች መነሣት የለበትም፤ ከዙሩና ከሚወጣው ጋዝ ሙቀት። ዙሩ ቆሞ ሙቀቱ ከወጣ ሳይጠበቅ ነዳጁ ይዘጋል። የተረፈው ነዳጅ እስኪፈስ ይታገሣል፤ ሞተሩ ያለ ነዳጅ ተዙሮ ይነፋል፤ ምክንያቱ ሳይታወቅም እንደገና አይሞከርም። በከፍታ ላይ የሳሳው አየር ሳፊሩንም ስለሚያደክመው ዙሩ ቶሎ አይወጣም፤ የደከመ ባትሪ ከተጨመረበት ደግሞ ሞተሩ ገና ሳይነሣ የመጋሉ ዕድል ይሰፋል። ስለዚህ የባትሪውን ጤና መመርመር በቢሾፍቱ ትንሽ ሥራ አይደለም።

13. እዚህ ላይ ክሩ ከመንገዱ ወጣ። ከገላን የጻፈ ሰው ሳፊር የሚለውን አይቶ፣ ሳፊር ስዊድኖች ያመጡት ባለፕሮፔለር ማሠልጠኛ እንጂ የጄት ማስነሻ አይደለም ሲል አረመ።

14. ሁለቱም አሉ ተባለ። ሳብ-91 ሳፊር በ1945 የበረረ ባለአንድ ፒስተን ሞተር አውሮፕላን ሲሆን የኢትዮጵያ አየር ኃይል ተማሪዎች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የበረሩት በእርሱ ነው። የሁለቱ ስም መገጣጠሙ አጋጣሚ ነው።

15. ከዚያ የስዊድናዊው አብራሪ የካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ስም ተነሣ። በግንቦት 1947 ከስቶክሆልም አዲስ አበባ 6,220 ኪሎ ሜትር በሳፊር ሳያርፍ ወደ 31 ሰዓት በሚጠጋ በረራ መድረሱን፣ የቢሾፍቱን ትምህርት ቤት ማቋቋሙን፣ በ1977 ጎዴ ላይ መገደሉን አንድ አባል በአክብሮት አስታወሰ። ከርእሱ ውጭ ቢሆንም ባይጻፍ ይጎድል ነበር።

16. አስተዳዳሪው የሳፊሩን ወሬ ለብቻው ክር እንዲከፍቱለት ጠይቆ መልሶ ወደ ጥገና ጠራቸው።

17. አሥራ ሰባተኛው የጥገና ሰው መሆኑ ከአጻጻፉ ያስታውቃል። የኤል-39 የኋላ አካል ከነጭራው በአምስት ብሎን ብቻ የተያያዘ ነው፤ ብሎኖቹ ሲፈቱ ጭራው ወደ ኋላ ይሳብና ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይጋለጣል። ይህ ነው አውሮፕላኑን በድሃ አገር አየር ኃይሎች ዘንድ ያስወደደው። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። በአካሉ ውስጥ ያሉት አምስት የነዳጅ ከረጢቶች ጎማ ናቸው፤ 1,055 ሊትር ይይዛሉ፤ በክንፎቹ ጫፍ ያሉት ደግሞ 100 ሊትር 100 ሊትር። አውሮፕላኑ ነዳጁ ወጥቶ ባዶውን ለወራት ከቆመ ጎማው ይደርቃል፣ ይኮማተራል፣ ከመገጣጠሚያው ጠርዝ ይሰነጠቃል። በኋላ ሲሞላ ነዳጁ የሚንጠባጠበው ከሆዱ ስለሚሆን ብዙ ሰው የቧንቧ ችግር ይመስለዋል፤ ቧንቧ ሲቀያይር ይከርማል። የሃይድሮሊኩ ቀይ ዘይትም ግፊቱ በካሬ ሴንቲ ሜትር 150 ኪሎ ገደማ ነው፤ የናይትሮጂን ማጠራቀሚያው ከተዳከመ ፓምፑ ሰላም ሆኖ ሳለ ፍሬኑ ይለሰልሳል። በአደጋ ጊዜ ወንበሩን ከነአብራሪው የሚያስፈነጥሩት ባለባሩድ ካርትሪጆች ደግሞ የሚቆጠሩት በበረራ ሰዓት ሳይሆን በተሠሩበት ቀን ነው፤ ቆሞ የዋለ አውሮፕላንም ጊዜያቸውን ይበላል።

18. አሥራ ስምንተኛው የወንበሩን ነገር አጥብቆ ያዘ። ቪኤስ-1ቢአርአይ የተባለው ይህ ወንበር መሬት ላይም ያድናል፣ ግን አውሮፕላኑ ቢያንስ በ150 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መሮጥ አለበት። ከዚያ በታች ተማሪው መንደርደሪያው ላይ ቢቸገር መፍትሔው መዝለል ሳይሆን ሞተሩን ዘግቶ ፍሬን መያዝ ነው። የኋላው ሰው ቀድሞ ይወጣል፤ የፊተኛው ሮኬት ነበልባል ወደ ኋላ ስለሚሄድ። ከበረራ በፊት የደኅንነት ፒኖቹ መውጣታቸውን፣ ካረፉ በኋላ መመለሳቸውን ሁለት ሰው ማየት አለበት፤ አንድ ሰው ይበቃል የሚል ልማድ ባለበት ሁሉ አደጋ አለ አለ። እኔም በዚህ አሳቡ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ።

19. ጠያቂው ተመለሰ። ብዙ ነገር እንደተማረ ገልጾ አንድ ጠንካራ ጥያቄ ብቻ አስቀረ። አምራቹ ራሱ በአዲሱ ኤል-39ኤንጂ ላይ አሮጌውን ሞተር አውጥቶ የዊልያምስ ኤፍጄ44-4ኤም አስገብቷል። ዘገምተኛነቱ ማስተማሪያ ቢሆን ኖሮ ፋብሪካው ለምን ይጥለዋል?

20. ሃያኛው በጥሩ ሁኔታ መለሰለት። ኤንጂው ታኅሣሥ 22 ቀን 2018 የበረረ ሲሆን የነዳጅ ቁጥጥሩ ዲጂታል ነው። የክንፍ ጫፍ ታንኮቹ ቀርተው ነዳጁ ክንፉ ውስጥ ገብቷል፤ የማርቲን ቤከር ወንበሩም አውሮፕላኑ ቆሞ ሳለ ያድናል። ግፊቱ ግን ከአሮጌው ብዙ አይርቅም። ሞተሩ የተቀየረው ከምንም በላይ ነዳጅ ለመቆጠብና በጥገና መካከል ያለውን ጊዜ ለማራዘም ነው። ስለዚህ ጠያቂው በከፊል ትክክል ነው፤ መዘግየቱ በራሱ ትምህርት አይደለም። ትምህርቱ አስቀድሞ ማሰብ ነው፤ ኤአይ-25 ደግሞ ተማሪው ይህን ሳይማር እንዲያልፍ አይፈቅድለትም።

የራሴን ላክልበት። ከላይ በ7ኛው መልስ የተሠራው ስሌት ለፈጣን ሞተርም ይሠራል። ሞተሩ በሦስት ሰከንድ ቢደርስ እንኳ በቢሾፍቱ ከሰዓት የሚደርሰው ጉልበት ከሩብ የሚጠጋው የተቀነሰበት ነው፤ ፍጥነቱም ዙሩም ፍሬኑም እንደዚያው። በፕሮፔለር የተማረ ሰው ደግሞ ስሮትሉን ሲገፋ ፕሮፔለሩ ወዲያው ክንፉ ላይ አየር ይነፋለታል፤ ያንን የለመደ እጅ ወደ ጄት ሲመጣ ዘግይቶ ነው የሚነቃው። ይህን ልማድ በ4 ቶን ተኩል አውሮፕላን፣ በ190 ኪሎ ሜትር ማረፊያ ፍጥነት፣ አስተማሪ ከኋላ ከፍ ብሎ እያየ መስበር፣ በሱኮይ-27 ባለሁለት መቀመጫ ላይ ከመስበር በጣም ይረክሳል፤ በገንዘብም በሕይወትም።

21. ሃያ አንደኛው ስለ ወፍ አነሣ። የኤል-39 አየር ማስገቢያዎች ከአብራሪዎቹ ጀርባ፣ ከክንፉ በላይ በመሆናቸው ጎማው የሚወረውረውን ጠጠር አይውጡም፤ ለወፍ ግን ይህ ጥበቃ አይሆንም። ሜዳው ከጨለለቃ ረግረግ አጠገብ ነው፤ በበጋው ወራት ከሰሜን የሚመጡ ክራን የሚባሉ ወፎች ጠዋትና ማታ ለመመገብ ሲመላለሱ በመንጋ ይነሣሉ። ባለአንድ ሞተር አውሮፕላን ስለሆነ፣ በዝቅታ የሚደረግ ልምምድ ከእነዚህ ሰዓቶች ውጭ እንዲሆን መከረ። ሞተሩ ከቆመ አደጋ ጊዜ የሚውል ትንሽ የነፋስ ተርባይን ከሆዱ ብቅ ብሎ ኤሌክትሪክ እንደሚሰጥም አስታወሰ፤ መብራትና ሬድዮ ይኖራል፣ ግፊት ግን የለም።

22. የመጨረሻው መልስ ወደ አምስተኛው ስሌት ተመልሶ ያልተባለ ነገር አገኘ። የኤል-39 የጎማ እግር የተሠራው በ4,600 ኪሎ ክብደት በሰከንድ እስከ 3.4 ሜትር እየወረደ መሬት ቢመታ እንዲችል ነው። በባሕር ዳርቻ በ230 ኪሎ ሜትር፣ በ3 ዲግሪ ቁልቁለት የሚመጣ አውሮፕላን አፍንጫውን ሳያነሣ እንዲሁ ቢመታ 3.35 ይሆናል፤ ለጥቂት ይተርፋል። በቢሾፍቱ ሞቃት ከሰዓት ያው ስሕተት 3.8 ነው፤ ከወሰኑ አልፏል። ሰዓቱ ያው 230 ስለሚያሳይ ተማሪውም አስተማሪውም እንደ ተራ ከባድ ማረፍ ሊቆጥሩት ይችላሉ። ስለዚህ እንዲህ ያለ ማረፍ ሲያጋጥም ተማሪው ነቀፋ ፈርቶ እንዳይደብቀው፣ አውሮፕላኑም ከመብረሩ በፊት የእግሮቹ ማሰሪያ፣ የክንፉ ዋና መገጣጠሚያ፣ የጎማዎቹ ጎን፣ የክንፍ ጫፍ ታንኮቹ ማያያዣና የኋላ አካሉ አምስቱ ብሎኖች አንድ በአንድ እንዲታዩ ጠየቀ።